ኤችአይቪ በደሙ ያለ፣ መርፌውንም ያልተወ ሰው፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሰዎች የምክር አገልግሎት እሰጣለሁ፤ ብዙዎቹ ዕፅ በመርፌ የሚወስዱ ናቸው። የጠየቃችሁኝን በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ኤችአይቪ አለበት፣ ሄሮይንም በመርፌ ይወስዳል። «መጀመሪያ ሱሱን ተው፣ መድኃኒቱን ከዚያ ትጀምራለህ» አልኩት። አጠፋሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ተጨንቀሽለት እንደሆነ ይገባኛል። ግን ዛሬውኑ ደውለሽ «ጀምር» በዪው። እሱ ሱሱን እስኪተው ቫይረሱ አይጠብቀውም። ዕፅ እየወሰደም ፀረ ኤችአይቪውን መጀመር ይችላል፣ በየቀኑ ከዋጠው ይሠራለታል።

ጥያቄ፦ ምክር ምን ይሠራል? የኛ ልጅ ስንት ጊዜ ተመከረ!

መልስ፦ ስንት ጊዜ ተቆጡት ማለትዎ ነው እንጂ። በዩክሬን፣ በቬትናምና በኢንዶኔዥያ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ኤችአይቪ ያለባቸው፣ በመርፌ ዕፅ የሚወስዱ 502 ሰዎች ገቡበት። ከአራት ሦስቱ እጅ የተለመደውን አገልግሎት አገኘ። ለተቀሩት ደግሞ በዚያ ላይ ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚያደርሳቸው ሰውና አጭር ምክር ተጨመረላቸው፤ ምክሩ ቢያንስ 2 ጊዜ ነው፣ ሲያስፈልግ ይደገማል። ከዓመት በኋላ ምክርና አጃቢ ካገኙት 72 በመቶው ፀረ ኤችአይቪ እየወሰዱ ነበር፣ ከሌሎቹ 43 በመቶው ብቻ። የሞት መጠኑም ከግማሽ በታች ወረደ። እኔ ይሄን ቁጥር ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም፣ ሰው ነው የተጨመረው።

ጥያቄ፦ አጃቢው ምን ያደርጋል?

መልስ፦ አንድ ደንበኛዬ ከአንድ ክሊኒክ «መታወቂያ ይዘህ ና» ተብሎ ተመለሰ። መታወቂያው ጠፍቷል። ሌላው ሰው ሄዶ ያወጣል፤ እሱ ግን ያን ቀን መርፌውን ሳይወጋ ቀርቶ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል። በዚያው ለ4 ወር ጠፋ። ቀጥሎ ሲመጣ አብሬው ሄድኩ፣ ወረፋው ላይ ጎን ለጎን ቆምን፣ ፎርሙን እሱ እየነገረኝ እኔ ሞላሁት። መድኃኒቱን በዚያው ቀን ይዞ ወጣ። ሥራው በቃ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ቁጭ ብላችሁ ስታወሩስ ምን ትሉታላችሁ?

መልስ፦ ብዙውን የሚያወራው እሱ ነው። ለምሳሌ «መድኃኒቱን ለመጀመር ከ0 እስከ 10 ምን ያህል ዝግጁ ነህ?» እለዋለሁ። «3» ይለኛል። እዚህ ላይ «ለምን 10 አላልክም?» ብዬ ብጠይቀው ሰበብ ይደረድርልኛል። ስለዚህ «ለምን 0 አላልክም?» ነው የምለው። ዝም ይላል። ከዚያ «ልጄ ሲያድግ ማየት እፈልጋለሁ» ይላል። ምክንያቱን ራሱ አወጣው። እኔ ብነግረው ይሄን ያህል አይሰማውም ነበር። ቤት ውስጥም ሞክሩት፣ ግን ስትጠይቁ ፊታችሁ አይቆጣ።

ጥያቄ፦ ለሄሮይን ሱስ የሚሰጠውን መድኃኒት፣ ሜታዶንን ጀመርኩ፣ ከኤችአይቪው መድኃኒት ጋር ሲሆን ግን ሰውነቴን ያመኛል። ልተወው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱንም አትተው። የምትወስደው የኤችአይቪ መድኃኒት ኤፋቫይሬንዝ የሚባለው ከሆነ በደምህ ያለውን ሜታዶን ያወርደዋል። ሕመሙ ከዚያ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ የሚያቆመው እንዲህ ሲሆን ነው። ለሐኪምህ ንገረው። ሜታዶኑ ሊጨመርልህ ወይም ዶሉቴግራቪር ወደሚባል ሌላ የኤችአይቪ መድኃኒት ልትቀየር ትችላለህ፣ እሱ ሜታዶን ላይ ይህን ችግር አያመጣም።

ጥያቄ፦ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሆኖልኛል። አሁን ከጓደኛዬ ጋር አንድ መርፌ ብንጠቀም?

መልስ፦ አይሆንም። ቫይረሱ በምርመራ የማይታይለት ሰው በግብረ ሥጋ አያስተላልፍም፣ ይህ የተረጋገጠ ነው። ለመርፌ ግን እንዲህ ያለ ማረጋገጫ የለም። ጉበትን የሚጎዳው ሄፓታይተስ ሲም በዚያው ይተላለፋል። ዕፁን የምታዘጋጁበት ማንኪያውም፣ ጥጡም፣ ውሃውም የየራሳችሁ ይሁን። ጓደኛህ ካልተመረመረ ደግሞ በሚቀጥለው ቀጠሮህ አብራችሁ ኑ።