ከቤተሰብ የተቀበልነው እምነት የራሳችን የሚሆነው እንዴት ነው? ለእኅታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እኅታችን፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብሁት። ቤት ሳለሽ ከእናትሽ ጋር ታስቀድሺ፣ ረቡዕና ዓርብን ትጾሚ፣ ማታ ማታም ከቤተሰቡ ጋር ቆመሽ ትጸልዪ እንደ ነበር፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ዶርም መኖር ከጀመርሽ ወዲህ ግን ሁሉም አንድ በአንድ እንደ ቀረ ገልጸሽ፣ «እስከ ዛሬ የያዝሁት የእናቴን እምነት ነበር እንዴ? የራሴ የሚሆነውስ እንዴት ነው?» ብለሻል። እኔም በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤት ያደግሁና በዚሁ ጥያቄ ያለፍሁ ስለ ሆንሁ፣ ያየሁትን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ፣ ከወላጅ መቀበልን እንደ ጉድለት አትቁጠሪው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስንጠመቅ የእምነቱን ጥያቄ ስለ እኛ ሆነው የመለሱት የክርስትና አባትና የክርስትና እናት ናቸው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 የሰማርያ ሰዎች አስቀድመው ያመኑት በውኃ ጉድጓድ አጠገብ ከጌታ ጋር በተነጋገረችው ሴት ቃል ነው፤ ጌታን ለምነው ሁለት ቀን አብሯቸው ከቆየ በኋላ ግን ከእንግዲህ የሚያምኑት በእርሷ ንግግር ሳይሆን ራሳቸው ስለ ሰሙት እንደ ሆነ ነገሯት። የነገረቻቸው አልተሻረም፤ እነርሱ ቀርበው ሰሙት እንጂ። ስለዚህ ሁሉን ትተሽ እንደ አዲስ ጀምሪ የሚሉሽን አትስሚ።

«አባታችን ሆይ»ን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ እለው ነበር፤ ጫማዬን እያሰርሁ እጀምረውና ደረጃ ወርጄ ሳልጨርስ አሜን እላለሁ። ሥራ ከያዝሁ በኋላ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት ውርስ ተኳርፈን ሳለ፣ አንድ ማታ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ከሚለው ስደርስ አፌ እምቢ አለኝ። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ዝለለውም፣ ጨክነህ በለውም አላሉኝም፤ የወንድሜን የክርስትና ስም እየጠራሁ ማታ ማታ ስለ እርሱ እንድሰግድና እንድጸልይ አዘዙኝ። ለካ ስሙን አላውቀውም ኖሯል! እናቴ ዘንድ ደውዬ ስጠይቃት «ደግሞ አሁን ለምን ፈለግኸው?» አለችኝ፤ ምክንያቱን ስነግራት ግን ስሙን ብቻ ሳይሆን የተጠመቀበትን ቤተ ክርስቲያንና ያነሣውን ሰው ጭምር ዘረዘረችልኝ። እርቁ ወራት ፈጅቷል፤ ሽማግሌም ገብቶበታል። ሆኖም ያ ጸሎት የእኔ ጸሎት የሆነው አልወጣ ባለኝ ማታ ነው እላለሁ።

ይህን የማነሣልሽ፣ ብዙዎቻችን የራስ እምነት ማለት ልብን የሚያሞቅ ስሜት እየመሰለን ስሜቱ ሲጠፋ እምነቱም የጠፋ ስለሚመስለን ነው። አንቺ አሁን የቀረብሽን ሁሉ በአንድ ቀን ለመመለስ አትነሺ። ዳዊቱንም ውዳሴ ማርያሙንም በየዕለቱ ክፍል ለማድረስ የምትሞክሪ ከሆነ በሳምንቱ ትሰለቻለሽ። አንድ መዝሙር ብቻ፣ ነገር ግን ከራስሽ ኑሮ ጋር እያስተያየሽ ድገሚ። ከወንጌል የማርቆስን ያዢ፤ 16 ምዕራፍ ብቻ ስለ ሆነ በቀን አንድ ምዕራፍ እያነበብሽ ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ትጨርሺዋለሽ። ያልገባሽን ጽፈሽ ለግቢ ጉባኤው (በዩኒቨርሲቲው ላለው የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ኅብረት) መምህር አቅርቢ፤ ጥያቄ መጠየቅ መጠራጠር ነው ብለው ዝም የሚያሰኙሽ ካሉ፣ በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ያለውን አባት ጌታ እንዳላሳፈረው አስታውሺ። ረቡዕን ስትጾሚም የምክረ አይሁድ (አይሁድ ጌታን ለመያዝ የመከሩበት)፣ ዓርብን ስትጾሚ የስቅለቱ መታሰቢያ መሆኑን እያሰብሽ ጹሚ፤ ዶርም ውስጥ የሚቆጣሽም የሚያመሰግንሽም ስለሌለ ለዚህ ከቤት ይልቅ ይመቻል።

ብዙ ጊዜ የማይነሣው ግን የቁርባን ነገር ነው። ሕፃናት ሳለን በእናቶቻችን ጀርባ ታዝለን እንቆርባለን፤ ጉርምስና ሲመጣ እናቆምና፣ በተክሊል (በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቆርበን) ካልተጋባን በስተቀር እስከ እርጅና ድረስ እንርቃለን። «ወጣት ነኝ፣ አልችለውም» የሚለው ሰበብ እንደ ትሕትና ስለሚቆጠር ማንም አይገሥጸንም። በእኔ እይታ እምነታችን የወላጆቻችን ንብረት ሆኖ የሚቀረው በዋናነት በእነዚህ መካከለኛ ዓመታት ነው፤ ምክንያቱም ንስሐ ገብቶ ለመቁረብ የሚዘጋጅ ሰው የራሱን ኃጢአት በራሱ አንደበት መናገር ስላለበት፣ እናቱ ልትተካው አትችልም። ያለ ዝግጅት ቅረቢ ማለቴ አይደለም፤ ዝግጅቱን ለስተርጅና አታቆዪው ማለቴ ነው።

የንስሐ አባትሽ የቤተሰቡ ከሆኑና በርቀት ምክንያት ማግኘት ካልቻልሽ፣ ወይም ለእናትሽ ይነግሩብኛል ብለሽ የምትሰጊ ከሆነ (ሊነግሩ አይገባቸውም፤ ስጋቱ ግን እንዳለ አውቃለሁ)፣ በስልክ አስፈቅደሻቸው በምትማሪበት ከተማ ካሉ ካህን ጋር ተገናኚ። በግቢ ጉባኤው በኩል ብትጠይቂ የሚያገናኝሽ አይጠፋም፤ ከፈተና ሰሞን በፊት ብታደርጊው ግን ይሻላል።