«ተኝቼ ባርፍም ወገቤ አልተሻለኝም»

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ? 36 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰኔ 30 ሒሳብ እስኪዘጋ ድረስ ከወንበሬ አልተነሳሁም ብል ይቀለኛል። ከዚያ ወዲህ ወገቤን ይይዘኛል፣ ጠዋት ስነሳ እንደ እንጨት ድርቅ እላለሁ። እናቴ «ብርድ ነው፣ በነጠላ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው» ትላለች። ወንድሜ ወጌሻ ጋ ልውሰድሽ ይለኛል። ቅዳሜና እሁድን ሙሉ ተኝቼ ባሳልፍም ሰኞ ጭራሽ ባሰብኝ። ምን ላድርግ? አዲስ ወንበር ይገዛልኝ ብልስ ዋጋ አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰኞ የባሰብሽ ስለተኛሽ ሳይሆን አይቀርም። ድሮ ሐኪሞችም ወገቡን የታመመ ሰው አልጋ ላይ እንዲቆይ ያዙ ነበር። አሁን ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ያ ምክር ቀርቷል። ለብዙ ሰዓት ስትተኚ ወገብሽን የሚደግፉት ጡንቻዎች ይሰንፋሉ፣ መገጣጠሚያዎችሽም ይደርቃሉ። በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ዲስክ ደግሞ የራሱ የደም ሥር የለውም ማለት ይቻላል፤ ምግቡ ከአካባቢው እየሰረገ ነው የሚደርሰው፣ ለዚህም ስንራመድና ስንጎነበስ እንደ ስፖንጅ መጨመቅና መለቀቅ አለበት። አንቺ ቀኑን ሙሉ ተጭነሽው ትውያለሽ፣ ከዚያ ቤት ገብተሽ ሶፋ ላይ ትደግሚዋለሽ።

የእናትሽን ነጠላ አልነቅፍም። ሙቀት ጡንቻን ያፍታታል፣ ደስ ካለሽ እሰሪው፣ ግን ታስረሽ እንዳትቀመጪ። ወጌሻው ይቆይ፤ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አከርካሪን ማስጫን ጥሩ አይደለም።

ስፖርት ሲባል ጂም መመዝገብ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከቢሮሽ ጀምሪ። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሺ፣ ለሁለት ደቂቃም ቢሆን። ባለ ሁለት ሊትር ኮዳሽን ቤት ትተሽ በትንሽ ብርጭቆ ጠጪ፣ ለመቅዳት መነሳትሽ አይቀርም። ስልክ ቆመሽ አውሪ፣ ማኪያቶውንም ሰው ከሚያመጣልሽ ራስሽ ወርደሽ ጠጪ። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመሽ ውረጂ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በቀን 30 ደቂቃ፣ ለአምስት ቀን ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። አንቺ በ10 ደቂቃ ጀምሪና በየሳምንቱ ጨምሪበት። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ምንጣፍ ላይ በጀርባሽ ተኝተሽ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ መቀመጫሽን ወደ ላይ አንሺ፣ እስከ አምስት ቁጠሪና ቀስ ብለሽ መልሺ። አሥር ጊዜ ይበቃል።

አንድ ነገር አደራ፦ የሳምንቱን እንቅስቃሴ እሁድ ላይ አትከምሪው። ዓመቱን ሙሉ ሳንንቀሳቀስ ከርመን ስቅለት ዕለት ስንሰግድ እንውልና ቅዳሜ ደረጃ መውረድ ያቅተን የለ? (እኔም አለሁበት።) ስግደቱ ምንም አላጠፋም፤ ያልለመደ ጡንቻ ነው ድንገት የተጠየቀው። መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ የመሳሳብ ስሜት ይኖራል፣ እሱ አያስፈራሽ። ስትንቀሳቀሺ ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ ግን ቀነስ አድርጊ፣ በጥቂት ሳምንታት ለውጥ ካላየሽም ሐኪም ጋ ሄደሽ ታዪ።

ቀጠሮ የማይሰጡ ምልክቶችም አሉ። እግርሽ ከደነዘዘ ወይም ከከዳሽ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተሽ፣ በመቀመጫሽና በጭንሽ መሃል ስሜት ካጣሽ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂ። ሕመሙ ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣም ሐኪም ይይሽ፤ እኛ አገር የአከርካሪ ቲቢ ብርቅ አይደለም፣ ብዙ ሰው ግን «ብርድ ነው» እያለ ወራት ያሳልፋል።

ወንበሩንስ ቢገዙልሽ ተቀበዪ። እግርሽ መሬት ይንካ፣ ወገብሽ ድጋፍ ያግኝ፣ ስክሪኑም ከዓይንሽ ትይዩ ይሁን። ብቻ በጣም የሚመች ከሆነ ደግሞ የምትነሺ አይመስለኝም።