«ርስት በሺህ ዓመቱ» እና የፍልስጤም ምድር ክርክር

ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ፣ መሐል ሜዳ፣ የታሪክ መምህር ነኝ። ባለፈው ወር በሰንበቴያችን ስለ ጋዛ ጦርነት ወሬ ተነሣና አንድ የማከብራቸው አባት፣ «እነዚህ እኮ ዳዊት የጣለው የጎልያድ ወገኖች ናቸው፤ ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት። ከእሳቸው ጋር መከራከር ነውር መስሎኝ ዝም አልሁ፤ በማግሥቱ ግን ተማሪዎቼ ያንኑ ይዘውብኝ መጡ። የዛሬዎቹ ፍልስጤማውያን የመጽሐፍ ቅዱሶቹ ናቸውን? ተረቱስ ለማን ይፈርዳል? አገራችንስ ጉዳዩ በተባበሩት መንግሥታት ድምፅ ሲሰጥበት ከማን ጋር ቆመች?

መልስ፦ አባታችንን ያሳሳታቸው የስሞቹ መመሳሰል ነው። በመጽሐፍ ቅዱሳችን «ፍልስጥኤማውያን» ተብለው የተጻፉትና በዜና «ፍልስጤማውያን» የምንላቸው ለጆሮ አንድ ይመስላሉ። የጥንቶቹ ከኤጂያን ባሕር አካባቢ እንደ መጡ የሚታመኑ፣ በጋዛ፣ በአስቀሎና፣ በአዛጦን፣ በጌትና በአቃሮን ከተሞች የነገሡ ሕዝብ ነበሩ፤ የባቢሎኑ ናቡከደነፆር በ604 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አስቀሎናን ካፈረሰ በኋላ ግን ብዙም ሳይቆዩ ራሳቸውን የቻሉ ሕዝብ መሆናቸው ቀረ። ስማቸው ግን ተረፈ። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሃድርያን በ135 ዓ.ም. ያበቃውን የአይሁድ ዐመፅ ከደመሰሰ በኋላ ይሁዳ የሚለውን የግዛቲቱን ስም ሽሮ «ሶርያ ፓለስቲና» አላት፤ የሕዝብ የነበረው ስም የምድር ስም ሆነ። ዛሬ ፍልስጤማዊ የምንለው በዚያች ምድር ለብዙ ትውልድ የኖረውን፣ አረብኛ ተናጋሪ የሆነውን ሕዝብ ነው፤ አብዛኛው ሙስሊም ቢሆንም ተሳላሚዎቻችን ቤተ ልሔም ሲደርሱ የሚያገኟቸው የከተማዋ ክርስቲያኖችም ፍልስጤማውያን ናቸው። ጎልያድን እዚህ ማምጣት አያስፈልግም። (በዚህ መልስ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ተረቱ ስንመጣ፣ ርስት ምን እንደ ነበር የመንዝ መምህር ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ከአንድ አቅኚ አባት በአባትም በእናትም ትውልድ የሚቆጥር ሁሉ ባለ ርስት ነኝ ይል ስለ ነበር፣ በአንድ መሬት ላይ ብዙ እውነተኛ ተሟጋች ይቆም ነበር፤ ክርክሩም ከአባት ወደ ልጅ ይወረስ ነበር። ተረቱ የባለ ጉዳይ ማጽናኛ ነው፤ ዳኛ ይዞት ሊፈርድበት ቢሞክር ችሎቱ መቼም አይዘጋም።

የፍልስጤም ምድር ጠብ የተጀመረውም በዚሁ በመሬት ነው። ምድሪቱን ይገዛ የነበረው የኦቶማን (የቱርክ) መንግሥት በ1858 መሬት በስም ይመዝገብ ብሎ ሕግ ሲያወጣ፣ ግብርና ውትድርና የፈራ ገበሬ ብዙ ቦታ መሬቱን በባላባት ወይም በነጋዴ ስም አስመዘገበ፤ ልጆቹም አባታቸው ሲያርሰው በኖረው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኑ። በሩሲያ የሚደርስባቸውን ጭፍጨፋ የሸሹ አይሁድ ከ1880ዎቹ ጀምሮ ሲመጡ፣ በ1897 ደግሞ ቴዎዶር ሄርዝል በባዝል ከተማ የመጀመሪያውን የጽዮናውያን (አይሁድ በዚያች ምድር የራሳቸው አገር ይኑራቸው ባዮች) ጉባኤ ሲጠራ፣ መሬት መግዛት ዋናው መንገድ ሆነ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የቤይሩቱ የሱርሱክ ቤተሰብ በኢይዝራኤል ሸለቆ የነበረውን ሰፊ መሬት ለአይሁድ ገዢዎች ሸጠ። ሽያጩ ሕጋዊ ነበር፤ ሻጩ ቤይሩት ተቀምጦ ገንዘቡን ተቀበለ፣ ገዢው አይሁድ በገዛ እጃቸው ማረስ አለባቸው የሚል ዓላማ ነበረው፣ ስሙ በውሉ ላይ የሌለው ጭሰኛ ግን ለቅቆ ወጣ። በእኛ አቆጣጠር በ1967 የመሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ጭሰኝነትን ላየ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ይሁን እንጂ «ሁሉንም ገዝተውታል» የሚለውም ልክ አይደለም፤ እስከ 1947 ድረስ በአይሁድ ባለቤትነት የነበረው መሬት ከጠቅላላው 7 በመቶ ገደማ ነበር።

የቀረውን ፖለቲካ ወሰነው። እንግሊዝ በ1915 እና በ1916 ለመካው ሸሪፍ ሁሴን በጻፈችው ደብዳቤ ለአረቦች ነፃነት ተስፋ ሰጠች፤ በ1917 ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ በባልፎር ደብዳቤ ለአይሁድ «ብሔራዊ መኖሪያ» ቃል ገባች። ይኸኛው ደብዳቤ በምድሪቱ ላይ ከአሥር ዘጠኝ እጅ ያህል የነበረውን አረብ በስሙ እንኳ አይጠራውም፤ «አይሁድ ያልሆኑ ማኅበረሰቦች» ይለዋል። በ1922 ምድሪቱን ከኦቶማን የተረከበው የእንግሊዝ አስተዳደር ሲቆጥር ከ757 ሺህ ያህል ነዋሪ አይሁድ 84 ሺህ ያህል ነበሩ። በክፍል ውስጥ ይህን ደብዳቤና ይህን ቆጠራ ጎን ለጎን ቢያስቀምጡት ተማሪዎችዎ ከማንኛውም ስብከት የበለጠ ይረዱታል፤ ከዚያ በኋላ ናዚዎች ስድስት ሚሊዮን አይሁድ መፍጀታቸውንና የተረፉት መጠጊያ ማጣታቸውን መጨመር ግን አይርሱ፤ ያለ እሱ የ1947ቱ ውሳኔ አይገባም።

በዚያ ዓመት ኅዳር ወር የተባበሩት መንግሥታት ምድሪቱን ለሁለት መንግሥታት ከፍሎ፣ ኢየሩሳሌምን በዓለም አቀፍ አስተዳደር ሥር ለማድረግ ወሰነ። የአይሁድ መሪዎች ተቀበሉት፤ ከሕዝቡ ሢሶ ለሚሆነው ወገን ከምድሩ 55 በመቶ ያህል መስጠት ግፍ ነው ያሉት አረቦች እምቢ አሉ። በተከተለውና እስራኤል በ1948 በተመሠረተችበት ጦርነት ከ700 ሺህ በላይ ፍልስጤማውያን ሸሹ ወይም ተባረሩ፤ በኋላ ባሉት ዓመታትም በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ አይሁድ ከአረብ አገሮች ወጥተው እስራኤል ገቡ። ተረቱ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት በታኅሣሥ 1948 በውሳኔ ቁጥር 194 ስደተኞቹ ወደ ቤታቸው ይመለሱ አለ፤ አልተፈጸመም። እስራኤል በ1950 የመመለስ ሕግ አውጥታ ለአይሁድ ሁሉ በሯን ከፈተች፤ በ1991 ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል የተጓዙት አገሪቱ በዚያ ሕግ በያዘችው መንገድ ነው። አንዱ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የወጣበትን ርስት ይጠይቃል፤ ሌላው አያቱ የቆለፈውን ቤት ቁልፍ ይዞ ይጠይቃል።

ከ1967ቱ የስድስት ቀን ጦርነት በኋላ እስራኤል ዌስት ባንክን፣ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምንና ጋዛን ያዘች፤ የአይሁድ ሰፈራም ተስፋፋ። እስራኤልና የፍልስጤማውያን መሪዎች የተፈራረሙት የ1993ቱ የኦስሎ ስምምነት ድንበርን፣ ኢየሩሳሌምን፣ ስደተኞችንና ሰፈራን «ለኋላ» አቆያቸው፤ ያ ኋላ እስከ ዛሬ አልመጣም። ሐማስ በጥቅምት 2023 እስራኤል ውስጥ 1,200 ያህል ሰው ገደለ፤ በተከተለው ጦርነት ደግሞ እንደ ጋዛ ጤና ሚኒስቴር አኃዝ ከ60 ሺህ በላይ ፍልስጤማውያን ሞቱ።

ሦስተኛው ጥያቄዎ አጭር መልስ አለው። በ1947 ድምፅ ሲሰጥ 33 አገሮች ደገፉ፣ 13 ተቃወሙ፣ 10 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፤ ኢትዮጵያ እንደ እንግሊዝ ሁሉ ከአሥሩ አንዷ ነበረች። እንደ እኔ ግምት የኤርትራ ጉዳይ ገና ሳይፈታ፣ በኢየሩሳሌምም የዴር ሱልጣን ገዳማችንን የመሰለ ይዞታ እያለ፣ ማንንም ማስቀየም አልተፈለገም። ንጉሠ ነገሥቱም ክርክሩን በወሬ ብቻ አላወቁትም፤ በ1936 ሲሰደዱ ኢየሩሳሌም የገቡት የፍልስጤም አረቦች አድማ በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ ነበር። ኢትዮጵያ ከእስራኤል ጋር የነበራትን ግንኙነት በ1973 አቋርጣ በ1989 ቀጠለች፤ ዛሬ የእስራኤልም የፍልስጤምም ኤምባሲዎች አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛሉ።