መልስ፦ የላንድክሩዘሩ ፓራውልት (የግጭት መከላከያው ብረት) ስበይደው ይጣመማል ላልከው

ችግሩ ብረቱ አይደለም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ ስለበየድከው ነው። ሙቀቱ ወደ አንድ ጎን ይስበዋል፣ ለዛ ነው ቡሎን መግቢያው ከሻንሲው (ከመኪናው ዋና አጽም) ጋር አልገጥም ያለህ።

አሁን የተጣመመውን ብየዳ በግራይንደር ቁረጠውና እንደገና ጀምር።

1. መኪናው ላይ በቡሎን እሰረውና በየ10 ሳንቲሜትሩ በትንንሽ ነጥብ ብየዳ ብቻ ያዘው
2. ሳትፈታው ሻንሲው ላይ የሚታሰሩትን ሁለቱን መያዣ ላሜራዎች በወፍራም አንግል ብረት አገናኛቸው፣ ይሄ እንዳይከፈት ይይዝልሃል (ብዙ ሰው ይሄን ነው የሚዘለው)
3. አውርደህ ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር በይድ፣ ከዛ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሂድ፣ ግልብጥ አድርግ፣ ቀዝቀዝ ሲል ተመለስ። አንግሉን የምታነሳው ሁሉም ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፣ ውሃ እንዳታፈስበት ደግሞ

ላሜራህ 5 ሚሊ ከሆነ 3.2 ሚሊ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ይበቃሃል፣ ጠርዙን ግን ሞረድ አርገው ካለዛ ከላይ ብቻ ይለጠፍና ፒስታ ላይ ይሰነጠቃል።

አንድ ነገር ግን፣ መኪናው ላይ ነጥብ ስትመታ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ የብየዳውን ግራውንድ ደግሞ እዛው ፓራውልቱ ላይ ሞተሩን ሳይነካ እሰረው። እኔ ሁለት ደቂቃ ነው ብዬ ሳልፈታ በይጄ የዲናሞዬ ዳዮድ (ውስጡ ያለችው የኤሌክትሪክ ክፍል) ተቃጠለ፣ ከፓራውልቱ በላይ እሱ አስወጣኝ።