ውል የሚሞላ ማክሮ፦ ከድሬ ጠያቂዎች ጋር ጥያቄና መልስ

ከዚራ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል የኪራይና የመኪና ሽያጭ ውል እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። ስም፣ የቤት ቁጥርና ብር ጠይቆ ውሉን በዎርድ ላይ ራሱ የሚሞላ ማክሮ (ዎርድ ውስጥ ሥራን በራሱ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) እንዳለኝ ካወራሁ ወዲህ ጥያቄው በዛብኝ። ከሰዓት በኋላ ድሬ ላይ ሰው ወይ ተኝቷል ወይ በርጫ ላይ ነው፤ እስከዚያ ልመልስላችሁ።

አቦ፣ ኢንፑትቦክሱ (ማክሮው ጥያቄ የሚጠይቅበት ትንሽ መስኮት) ላይ ስም በአማርኛ ስጽፍ ውሉ ላይ «????» ሆኖ ይወጣል። ፎንት ልቀይር?

ፎንቱን ተወው፣ እኔም ሁለት ቀን አባክኜበታለሁ። የቪቢኤ (የዎርድ ማክሮ የሚጻፍበት ቋንቋ) ኢንፑትቦክስ ዩኒኮድን፣ የዓለምን ፊደሎች የሚይዘውን ሰንጠረዥ፣ አያውቅም። የሚሠራው በዊንዶውስ አሮጌ የፊደል ሰንጠረዥ ነው፤ ግዕዝ ደግሞ እዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ ፊደሉ ገና ቫሪያብሉ (ማክሮው መልሱን የሚይዝበት ቦታ) ውስጥ ሳይገባ ጠፍቷል፣ በኋላ የምትመልስበት መንገድ የለም። መፍትሔው ዩዘርፎርም (ራስህ የምትነድፈው የመጠይቅ መስኮት) መሥራት ነው። እሱ ላይ የምታስቀምጠው ቴክስትቦክስ (የመጻፊያ ሳጥን) አማርኛን በደንብ ይቀበላል።

እሺ ፎርሙን ሠራሁ። «የአከራይ ስም» የሚለውን ግን ኮዱ ውስጥ መጻፍ አልቻልኩም።

የኮድ መጻፊያው መስኮትም ያው በሽታ አለበት። አንዱ መንገድ በቁጥር መጻፍ ነው፦ ሲኤችአርደብልዩ (ChrW፣ ቁጥርን ወደ ፊደል የሚቀይር ትእዛዝ) 4853 እና 4652 ሲገጣጠሙ «ድሬ» ይሆናሉ። ለአንድ ቃል ይሁን፣ ለሃያ ጥያቄ ግን ማን ይችለዋል? እኔ ጥያቄዎቹን በሙሉ በአንድ ዎርድ ፋይል ውስጥ በሠንጠረዥ ጽፌያለሁ። ፎርሙ ሲከፈት ማክሮው ከዚያ እያነበበ ሌብሎቹ (የጥያቄ ጽሑፍ የሚታይባቸው ቦታዎች) ላይ ይለጥፋቸዋል። የፎርሙ የላይኛው ርዕስ ብቻ አሁንም እምቢ ይላል፤ በላቲን ተውኩት።

የተከራይ ስም ውሉ ላይ ሰባት ቦታ አለ። በቡክማርክ (ጽሑፉ ላይ በስም በሚቀመጥ ምልክት) ሞላሁት፣ ሁለተኛ ሳስኬደው ግን ቡክማርኩ የለም። (ከሳቢያን)

ቡክማርክ ያቀፈውን ጽሑፍ ስትተኪው ቡክማርኩም አብሮ ይጠፋል። ከጻፍሽ በኋላ በዚያው ስም መልሰሽ መፍጠር አለብሽ። ለሰባት ቦታ ግን የሚሻለው የዶክዩመንቱ ቫሪያብል (ከፋይሉ ጋር የሚቀመጥ መያዣ) ነው፦ ስሙን አንዴ እዚያ አስቀምጪ፣ ሰባቱም ቦታ ላይ ዶክቫሪያብል የሚባለውን ፊልድ (የቫሪያብሉን ይዘት እያነበበ የሚያሳይ ቦታ) አስገቢ፣ በመጨረሻ ፊልዶቹን አድሺ። ተጠንቀቂ፣ የተለመደው የማደሻ ትእዛዝ ዋናውን ጽሑፍ ብቻ ነው የሚነካው። ሄደርና ፉተር ላይ ያለውን ስቶሪሬንጆቹን (ዎርድ ሰነዱን የሚከፍልባቸውን ክፍሎች) እየዞርሽ ማደስ ይኖርብሻል።

አያት ስም ባዶ ሲሆን በእንግሊዝኛ «ኤረር» የሚል ውሉ መሐል ይጻፋል። (ከሐረር)

ለቫሪያብሉ ባዶ ጽሑፍ ስትሰጠው ዎርድ ቫሪያብሉን ይሰርዘዋል፣ ፊልዱም ያጣውን ይፈልጋል። አንድ ባዶ ቦታ ስጠው፣ ዝም ይላል።

ኪራዩ 12,000 ብሎ ገብቶ 12 ብር ሆኖ ወጣ!

ቫል (Val) የሚባለውን፣ ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይር ትእዛዝ፣ ተጠቅመሃል። እሱ ኮማ ጋ ሲደርስ ይቆማል። መጀመሪያ ኢዝኒዩሜሪክ (IsNumeric) ብለህ ቁጥር መሆኑን አረጋግጥ፣ ከዚያ በሲከር (CCur፣ ወደ ገንዘብ ቁጥር የሚቀይር ትእዛዝ) ቀይረው። ቫሪያብሉንም ኢንቲጀር (ትንሽ ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚይዝ ዓይነት) አትበለው፤ ከ32,767 በላይ አይዝም። በዛሬ ዋጋ የመኪና ውል ላይ ያ ምን ይበቃል?

ቀኑስ?

የኢትዮጵያን ቀን በጽሑፍነቱ ተወው፣ ወደ ዴት (የቪቢኤ የቀን ዓይነት) አትቀይረው። ጳጉሜን 5 ቀን 2016ን 5/13/2016 ብለህ ብትሰጠው ስህተት እንኳን አይነግርህም፤ 13ኛ ወር ስለማያውቅ አገላብጦ የፈረንጆቹን ሜይ 13 ያደርገዋል። ዝም ብሎ የሚሳሳት ነገር ነው የሚያስፈራኝ። ቀን፣ ወርና ዓመት ለየብቻ ይጠየቁ፣ ወሩ ከ13ቱ ስሞች ይመረጥ።

አንተ፣ ድሬ ላይ «እርስዎ» የሚል የለም፣ ፎርምህ ግን ማዕረግ ይጠይቃል!

ዳኛ ፊት የሚቀርብ ወረቀት ነው አቦ። አቶ፣ ወይዘሮ፣ ወይዘሪት፣ ሐጂ፤ ሰው እንዳይጽፈው፣ ከኮምቦቦክስ (ከተዘረዘረ ምርጫ) እንዲመርጥ። በእጅ ሲጻፍ አንዱ ወ/ሮ፣ ሌላው ወይዘሮ ይላል።

ሊብሬኦፊስ (ነፃው የቢሮ ፕሮግራም) ላይ ይሠራል?

የሊብሬኦፊስ ቤዚክ (የራሱ የማክሮ ቋንቋ) ኢንፑትቦክስ አማርኛ ይቀበላል፣ ኮዱ ውስጥም መጻፍ ይቻላል። የዎርዱ ኮድ ግን እንዳለ አይሄድም፣ እንደገና ነው የሚጻፈው።

ለደንበኛ በቴሌግራም ስልክለት የድሮ ደንበኛ ስም ፋይሉ ውስጥ ቢቀርስ?

ይቀራል። ቫሪያብል ከፋይሉ ጋር ይቀመጣል። ስለዚህ ውሉ ሁልጊዜ ከቴምፕሌት (ካልተሞላው መነሻ ፋይል) አዲስ ይከፈት፣ የተሞላውን ሴቭ እያደረግክ መነሻ አታድርገው። ለደንበኛ ፒዲኤፍ ይበቃዋል።

ማክሮውን በኢሜል ላክልኝ።

ከ2022 ወዲህ ዎርድ ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ላይ ያለን ማክሮ ይዘጋል፤ የፋይሉ ፕሮፐርቲስ ገብተህ አንብሎክ (እገዳውን አንሳ) ካላልክ አይነሳም። ፍላሽ ይዘህ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ና። ከዚያ በኋላ ወረፋ አለ።