ስለ ድሮዋ አየርላንድ ባለርስትና ጭሰኛ፦ ጥያቄና መልስ

የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መሬቱ ከአገሬው እጅ እንዴት ወጣ?

መልስ፦ ተነጥቆ ነው። አገሬው በአብዛኛው ካቶሊክ ነው፤ በ1641 ካቶሊኮች ከግማሽ በላይ የሚሆነውን መሬት ይዘው ነበር። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ አመፅ ተነሳ። የፕሮቴስታንቷ እንግሊዝ የጦር መሪ ክሮምዌል በ1649 ጦር ይዞ ገባ። ከድሉ በኋላ የካቶሊክ ባላባቶች ርስት ለወታደሮችና ለጦርነቱ ገንዘብ ላበደሩ ሰዎች ታደለ። በ1703 በካቶሊኮች እጅ የቀረው 14 በመቶ ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ ቀሪውንስ ለምን መልሰው አላሰፉትም?

መልስ፦ ሕግ ከለከላቸው። በ1704 የወጣው ሕግ ካቶሊክ መሬት እንዳይገዛ፣ ከ31 ዓመት በላይም እንዳይከራይ አገደ። አባት ሲሞት ርስቱ ለወንዶች ልጆቹ ይሸነሸናል። የበኩር ልጁ ፕሮቴስታንት ከሆነ ግን ጠቅልሎ ይወስደዋል። እኔን ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ወንድማማቾችን ሆን ብሎ የሚያጣላ ሕግ!

ጥያቄ፦ ባለርስቱ እንግሊዝ እየኖረ ኪራዩን ማን ይሰበስብለት ነበር?

መልስ፦ ሁሉም እንግሊዝ አልኖሩም፤ ብዙዎቹ እዚያው ርስታቸው ላይ ነበሩ። ርቆ የሚኖረው ግን ሰፊውን መሬት ለረጅም ዘመን ለአንድ ሰው ያከራያል። ያ ሰው ከፋፍሎ ለሌሎች ያከራያል። እነሱም እንደገና ይቆርሱታል። በየደረጃው ትርፍ ይያዛል፤ ሸክሙ መጨረሻ ላይ ባለው ድሃ ላይ ያርፋል።

ጥያቄ፦ ያ ድሃ በምን ይኖር ነበር?

መልስ፦ በድንች። ለአንድ የምርት ወቅት ትንሽ ቁራሽ መሬት ይከራያል፤ ኪራዩን ብዙ ጊዜ በጉልበቱ ይከፍላል። ከተሳካለት አንድ አሳማ ያረባል። አሳማው የድንች ልጣጭና ትርፍራፊ እየበላ፣ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጎጆ እያደረ ይሰባል። ሲደልብ ግን አይታረድም። ገበያ ወጥቶ የኪራይ ገንዘብ ይሆናል።

ጥያቄ፦ መሬቱን ለምን አያለማም ነበር?

መልስ፦ ቢያለማ ኪራይ ይጨመርበታላ! በሰሜኑ በአልስተር ግን ጭሰኛው ሲለቅ የይዞታ መብቱን ለተተኪው የሚሸጥበት ልማድ ነበር፤ ስለዚህ ያለማበት ልፋት ሜዳ ላይ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዝም ብለው ተገዙ?

መልስ፦ በጭራሽ። በ1761 በደቡቡ በቲፐረሪ አውራጃ ባለርስቶች የጋራ ግጦሹን ለከብቶቻቸው ማጠር ሲጀምሩ ገበሬው ተነሳ። ከልብሱ በላይ ነጭ ሸሚዝ ደርቦ በሌሊት አጥሩን ያፈርስ ነበር። ካህኑ ኒኮላስ ሺሂ ለገበሬው በመቆማቸው ጥርስ ተነከሰባቸው፤ በ1766 በግድያ ተከሰው ክሎንሜል ከተማ ላይ ተሰቀሉ። አመፁ ግን በዚያ አልቆመም፤ በኪራይና በቤተ ክርስቲያን አሥራት ሰበብ እስከሚቀጥለው ምዕተ ዓመት ድረስ እያገረሸ ቀጠለ።