ከስንት ስንት? የ12ኛ ክፍል ውጤት እውነት እየተሻሻለ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። የ11ኛ ክፍል ናቹራል ተማሪ ልጅ አለችኝ። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፉት 3 ከመቶ ብቻ ናቸው ሲባል እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ አሁን ደግሞ 8 ገባ ተባለ። ባለቤቴ ትምህርቱ ተሻሽሏል ይላል፣ ጎረቤቴ ፈተናውን አቅልለውት ነው ትላለች። ማንን ልመን? ሰፈራችን ውስጥ «ከ500 በላይ እናስመጣለን» የሚል ቱቶሪያልም ተከፍቷል። ላስገባት ወይ?
የልጅ እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ያ 3 ከመቶ ከየት እንደመጣ እንይ። እስከ 2013 ድረስ ልጆቹ የሚፈተኑት እዚያው የሚማሩበት አካባቢ ነበር። አጤሬራው፣ በቴሌግራም የሚዞረው መልስ፣ ጎበዙን ልጅ መሃል አስቀምጦ ዙሪያውን መኮረጅ… ያላየ የለም። በ2008 የእንግሊዝኛው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው እስከ መሰረዝ ደርሷል። ከዚያ የ2014ቱ ፈተና (የተሰጠው በ2015 መጀመሪያ ነው) ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ፣ ያለ ስልክ እንዲፈተን ሆነ። ከ896,520 ተፈታኞች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። 3.3 ከመቶ ማለት ነው። አስተማሪው በአንድ ዓመት ማስተማር ረስቶ አይደለም፤ ኩረጃው ሲነሳ ድሮም ከስር የነበረው ነው የታየው።

ከዚያ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ከመቶ ሆነ። ባለቤትዎ የያዙት ይህንን ነው፣ ጭማሪውም እውነት ነው፦ ያለፉት ከ27,267 ወደ 48,929 ከፍ ብለዋል። ግን ከስንት? በ2015 የተፈተኑት 845 ሺህ ገደማ ነበሩ፣ በ2017 ግን ወደ 585 ሺህ ወርደዋል። እስቲ የ2017ቱን አላፊዎች ወስደው በ2015ቱ ተፈታኝ ቁጥር ያካፍሏቸው፤ የሚመጣው 5.8 ከመቶ ነው። ስለዚህ ከ3.2 ወደ 8.4 ከሄደው መንገድ ግማሹ የመጣው ብዙ ልጅ ስላለፈ ሲሆን፣ ግማሹ ደግሞ ጥቂት ልጅ ስለተፈተነ ነው። ለመፈተን ያልደረሱት የት ገቡ? ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ልጆች እኮ በየትኛውም ፐርሰንት ውስጥ የሉም። እኔን ከ8.4ቱ ይልቅ ይሄ ነው የሚያሳስበኝ።

ጎረቤትዎን በተመለከተ፣ ጥያቄው በየዓመቱ አዲስ ስለሆነ ቀለለ ወይ ከበደ ለማለት ያንኑ ፈተና ለሁለቱም ዓመት ልጆች ሰጥቶ ማየት ይፈልጋል። እሳቸው ያን አላደረጉም፣ እኔም አላደረግሁም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የሁሉም ተፈታኞች አማካይ ውጤት 30 ከመቶ እንኳ አልሞላም። አራት ምርጫ ያለውን ጥያቄ ሳያነብ ዝም ብሎ ያጠቆረ ሰው በአማካይ 25 ያገኛል። ልዩነቱን አስቡት! ይሄ ደግሞ 12ኛ ክፍል ላይ የጀመረ ችግር አይደለም። በ1992 በተደረገው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የ4ኛ ክፍል ምዘና አማካዩ 47.9 ነበር፣ በ1999 ወደ 40.9 ወረደ። በ2002 የንባብ ምዘና ሲደረግ ደግሞ ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አንድ ቃል ማንበብ አልቻሉም። ያኔ 2ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ሳይደግም ከዘለቀ 12 የደረሰው በ2012፣ ነገሩ ከመጋለጡ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ። ቱቶሪያሉ ባነር ላይ ፎቷቸው የተለጠፉት ልጆች ከስንት ናቸው? ሄደው ይጠይቁ። ስድስት ጎበዝ ልጅ መለጠፍ ለማንም አያቅትም፤ አምና ስንት አስገብተው ስንቱ ከ600 300 እንዳመጣ ካልነገሩዎት ገንዘብዎን ይያዙ።

ከመክፈልዎ በፊት ቤት ውስጥ አንድ ነገር ይሞክሩ። ያለፈ ዓመት የባዮሎጂ ፈተና አምጥተው አስር ጥያቄ ይምረጡ፤ መልሱን ሳይሆን ጥያቄው ምን እንደሚል በአማርኛ ትንገርዎት። ስድስት ሰባቱን ማስረዳት ካቃታት ችግሩ ባዮሎጂ ሳይሆን እንግሊዝኛው ነው፣ ፈተናው ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፊዚክሱንም ኬሚስትሪውንም ይዞባት ይሄዳል። እንዲህ ከሆነ የስድስት ትምህርት ቱቶሪያል ትርፉ ድካም ነው፤ በየቀኑ ከመማሪያ መጽሐፏ አንድ ገጽ እያነበበች ታስረዳዎት። ጥያቄው ገብቷት መልሱ ከጠፋባት ግን ያኔ ለዚያ ትምህርት ብቻ አስጠኚ ይፈልጉላት። ሂሳብ ላይ ደግሞ ወደ 12ኛ አይሮጡ፣ ክፍልፋይና ኔጌቲቭ ቁጥር ላይ የምትሳሳት ከሆነ ከ7ኛና 8ኛ መጽሐፍ ትጀምር። ታፍር ይሆናል፤ በሯን ዘግታ ትሥራው።

ጥያቄ፦ 50 አልሞላልኝም፣ ሪሚዲያል (የአቅም ማሻሻያ ትምህርት) ደርሶኛል። ጓደኞቼ ያሾፉብኛል። ልቅር?
ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለምን ትቀራለህ? ለጥቂት ወራት ተምረህ የመጨረሻውን ፈተና ካለፍክ አንደኛ ዓመት ትገባለህ። ከሚያሾፉብህ ጓደኞችህ ስንቱ ነው ለመሆኑ 50 ያመጣው? ሻንጣህን አዘጋጅ።